ስልኩ «81 ከመቶ ጤነኛ ነሽ» አለኝ፤ ድምፄ ግን አልተመለሰም

ጥያቄው፦ «የ4ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። አንድ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ልጆች አሉኝ። ድምፄ ከሻከረ 3 ወር ሆነው። ጠዋት ትንሽ ይሻለዋል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ጭራሽ ይዘጋል። ወንድሜ ድምፅ የሚመረምር አፕ ስልኬ ላይ ጫነልኝ። ማታ ብሞክረው 64 አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ 81 ከመቶ ጤነኛ ነሽ አለኝ። ዝንጅብልና ማር እየወሰድኩ ነው። ቁጥሩን ልመነው? ሐኪም ጋ ብሄድስ ካሜራ ጉሮሮዬ ውስጥ መግባቱ የግድ ነው? እስከዚያው ወገብ ላይ የሚታሰረውን ድምፅ ማጉያ ብገዛስ?»

መልሱ፦

አጭሩን ልንገርዎትና ወደ ዝርዝሩ እንገባለን። ቁጥሩን አይመኑት። ካሜራው የግድ ነው፤ እንደሚፈራውም አይደለም። ማጉያውን ይግዙ፣ እንዲያውም ዘግይተዋል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የባዮሜዲካል መሐንዲስ ነኝ። ከአንገት በላይ ሐኪሞች ጎን ቁጭ ብዬ የታካሚ ድምፅና የማንቁርት ቪዲዮ በኮምፒውተር መተንተን ነው እንጀራዬ። ስለዚህ አፑን የምነቅፈው ቴክኖሎጂ ጠልቼ አይደለም። ውስጡ ምን እንዳለ ስለማውቅ ነው።

ማንቁርት ውስጥ ሁለት የድምፅ አውታሮች አሉ። በሴት ርዝመታቸው ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከሳንባ የሚመጣው አየር ይከፍታቸዋል፤ መልሰው ይጋጠማሉ። በሴት ድምፅ ይህ በሰከንድ 200 ጊዜ አካባቢ ይሆናል። የእርስዎን 220 ብለን እንያዝ። በቀን ውስጥ ድምፅ ያወጡባቸው ቅጽበቶች ተደምረው አንድ ሰዓት ቢሞሉ አውታሮቹ 792,000 ጊዜ ተጋጭተዋል። ይህን ያህል ጊዜ ያጨበጨበ እጅ ምን እንደሚመስል ያስቡት። ከ60 ልጆች በላይ ለመሰማት ሲጮኹ ደግሞ ግጭቱ ይበረታል።

አፑ ይህን ንዝረት አያየውም። የሚያገኘው ከአፍዎ የወጣውን ድምፅ፣ በስልክ ማይክ በኩል ነው። «አ—» ሲሉ ሞገዱን ይቀዳና እያንዳንዱን ዙር ለየብቻ ይለካል። በ220 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 220 ጊዜ፣ አንድ ዙር 4.5 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል። አንዱ ዙር ከቀጣዩ በርዝመት ምን ያህል እንደሚለይ የሚነግረው ቁጥር ጂተር ይባላል። በጉልበት ምን ያህል እንደሚለይ የሚነግረው ሺመር ነው። ሦስተኛው፣ ከድምፅዎ ውስጥ ምን ያህሉ ሥርዓት ያለው ንዝረት፣ ምን ያህሉ ሹልክ የሚል ነፋስ እንደሆነ ያነጻጽራል። ይኼኛው 20 ዴሲቤል ከሆነ 99 ከመቶው ጉልበት ሥርዓት ያለው ንዝረት ነው። ጤነኛ ሰው «አ—» ሲል እዚያ አካባቢ ይደርሳል። አፖቹ ብዙውን ጊዜ እነዚህንና መሰሎቻቸውን ቀላቅለው አንድ ማርክ ይሰጣሉ።

አሁን ቀረብ ብለው ይዩት። ለጂተር በተለምዶ የሚጠቀሰው ወሰን 1.04 ከመቶ ነው። የ4.5 ሚሊሰከንድ አንድ ከመቶ ስንት ነው? 0.045 ሚሊሰከንድ። ጥሩ ቅጂ ሞገዱን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ ያን ያህል ነጥብ ይይዛል። በ0.045 ሚሊሰከንድ ውስጥ የሚገቡት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ «ጤነኛ» እና «ሕመምተኛ» የሚለያዩት በሁለት ነጥብ ነው። ሁለት! ጎረቤት ጀነሬተር ካስነሳ፣ ልጅ በር ካንኳኳ፣ ስልኩ እጅዎ ላይ ከተንቀጠቀጠ ሁለት ነጥብ የትም ይጠፋል።

አንድ ገጠመኝ ልንገርዎት። ድምፁ እጅግ የደከመ አንድ ሰው ቀዳን። ሹክ እንደማለት ነበር። ፕሮግራሙ ያወጣው ውጤት ግን የሚያስቀና ሆነ። ድምፁ 100 ሄርዝ ላይ ዝንፍ አይልም፣ ጂተር የለም ማለት ይቻላል። እኔም ለአፍታ ደስ አለኝ። ከዚያ ቀና ብዬ ጥግ ላይ ያለውን የመድኃኒት ፍሪጅ አየሁት። የእኛ መብራት በ50 ሄርዝ ነው የሚሠራው፤ ሞተሮች ደግሞ በእጥፉ፣ በ100 መጎርመርም ይወዳሉ። ፕሮግራሙ የሰውዬውን ድምፅ አጥቶ ፍሪጁን ነበር የለካው። ፍሪጁ ፍጹም ጤነኛ ነበር።

ከዚህ የባሰም አለ። ጮክ ብሎ «አ—» ያለ ሰው ጂተሩም ሺመሩም ይቀንሳል። የድምፅ ከፍታ በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ያለው ተጽዕኖ ብዙ ጊዜ ከሕመሙ ይበልጣል። ስለዚህ ጠዋት ያገኙት 81 ምናልባት ጠንከር ብለው ስለጮኹ የመጣ ይሆናል። አፑ ሳያስበው «ጩኺ፣ ማርክ እጨምርልሻለሁ» እያለዎት ነው። ድምፅዎን የጎዳው ግን ምናልባት ያው ጩኸት ነው።

ቀጥሎ፣ ድምፅ በጣም ሲበላሽ ስሌቱ ራሱ ትርጉም ያጣል። ጂተር ለመለካት «ዙር» የሚባል ነገር መኖር አለበት። አሜሪካዊው የድምፅ ሳይንቲስት ኢንጎ ቲትዘ በ1995 ድምፆችን በሦስት ዓይነት ከፍሎ አስቀመጠ። አንደኛው ዙሩ ጥርት ያለ ነው። ሁለተኛው ውስጥ ሌላ ዝቅ ያለ ንዝረት ተደርቦበታል። ሦስተኛው ምንም ዙር የለውም። ጂተርና ሺመር መለካት ያለባቸው በአንደኛው ላይ ብቻ ነው። በሦስተኛው ላይ ቢለኩ ቁጥር ይወጣል፤ ኮምፒውተር ቁጥር አይነፍግም። ቁጥሩ ግን የምንም አይደለም። እርስዎ ከሰዓት በኋላ «ጭራሽ ይዘጋል» ያሉት ድምፅ እዚህ ምድብ ውስጥ ሳይገባ አይቀርም።

ለዚህ የሚሻል መለኪያ አለ፤ ኬፕስትረም ይባላል። ስሙ ቀልድ አለበት። በ1963 የፈጠሩት ሰዎች «ስፔክትረም» (ድምፅ ከየትኞቹ ንዝረቶች እንደተሠራ የሚያሳየው ሥዕል) የሚለውን ቃል የመጀመሪያ ፊደላት ገልብጠው ነው ያወጡት፤ ሥራውም የስፔክትረሙን ስፔክትረም መሥራት ስለሆነ። ዙሮችን አንድ በአንድ አይቆጥርም። አጠቃላይ ሥርዓቱን በጅምላ ያያል። ስለዚህ በተበላሸ ድምፅም ሆነ በተራ ንግግር ላይ ይሠራል። እኔ ዛሬ ከአንድ ቁጥር በላይ አትይዝም ብባል የምይዘው እሱን ነው። እሱም ቢሆን ግን ችግር መኖሩን እንጂ የትኛው ችግር እንደሆነ አይነግርም።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፤ በበገና ላስረዳዎት። በገና ሲደረደር የሚሰማው ያ የሚያጉረመርም ድምፅ ከጅማቱ ብቻ አይመጣም። ጅማቱ በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ጅማቱ ሲነዝር እሷን እየነካካ ይጮኻል። ሲያወጧት ድምፁ ጥርት ይላል። በድምፅ አውታር ላይ የሚወጣ ኖዱል፣ ማለትም ከብዙ ግጭት የሚመጣ ትንሽ እብጠት፣ ማንም ሳያዝዘው የገባ እንዚራ ነው። ነገር ግን ያው ሻካራ ድምፅ ከፖሊፕም፣ ማለትም አውታሩ ላይ ከሚበቅል ትርፍ ሥጋም ይመጣል። ከውኃ መቋጠርም ይመጣል። ከጨጓራ አሲድም፣ ከነርቭ መድከምም፣ አንዳንዴም ከካንሰር ይመጣል። በጆሮ ብቻ የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። ለጆሮ ያልተቻለው ደግሞ በማይክ ስለገባ አይቻልም።

«አርቴፊሻል ኢንተለጀንስስ?» ይሉኝ ይሆናል፤ ወንድምዎም ይህን ሳይልዎት አይቀርም። ከ90 ከመቶ በላይ ትክክል ነን የሚሉ ጽሑፎች ሞልተዋል። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ለረጅም ዓመታት የተማሩት ቦስተን ከሚገኘው የማሳቹሴትስ የዓይንና የጆሮ ሆስፒታል በመጣና በ1994 ለገበያ በቀረበ የድምፅ ስብስብ ነው። ችግሩ፣ ስብስቡ ውስጥ ጤነኞቹና ሕመምተኞቹ የተቀዱት በተለያየ ቦታ ነው። ማሽኑ ሕመሙን ይማር ክፍሉን ይማር ማን ያውቃል? እንደኔ ፍሪጅ ማለት ነው። ሌላው ታዋቂ ስብስብ ጀርመን አገር ዛርብሩከን የተሠራው ነው። ከ2,000 በላይ ሰዎች አሉበት፤ ግን የሚናገሩት ዓረፍተ ነገር «እንደምን አደሩ፣ እንዴት ነዎት?» የሚል ጀርመንኛ ነው።

አማርኛ ላይ ይህ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። «ጠላ ጠመቀች» ይበሉ። ጠ፣ ጠ፣ ቀ። ሦስቱም ላይ አውታሮቹ ጥርቅም ብለው ይዘጋሉ፤ ድምፅ ለቅጽበት ይቋረጣል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ጨ፣ ጰ እና ጸም እንደዚሁ ናቸው። በእንግሊዝኛ የሠለጠነ ፕሮግራም ይህን «የድምፅ መቆራረጥ» ብሎ ሊቆጥረው ይችላል። አሁን ደግሞ «እማማ ማለዳ ወንዝ ወረዱ» ይበሉ። ጣትዎን ማንቁርትዎ ላይ ያድርጉና ይሞክሩት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንዝረቱ አይቋረጥም። እኔ አማርኛ ተናጋሪ ስቀዳ የማስነብበው ይህችን ናት። ለራሴ የፈጠርኳት ናት፤ ከፈለጉ ይውሰዷት።

ወደ ካሜራው እንምጣ። አስቀድመው ይወቁት፣ ካሜራው ወደ ሳንባ አይገባም። ከአውታሮቹ በላይ ቆሞ ቁልቁል ነው የሚያየው። አንዱ ዓይነት በአፍ ይገባል፤ ሐኪሙ ምላስዎን በፋሻ ጨርቅ ይዞ «ኢ—» ያስብልዎታል። ሌላው ቀጭንና ተጣጣፊ ነው፤ ማደንዘዣ ተረጭቶ በአፍንጫ ይገባል። ዓይን ያስለቅስ፣ ያስነጥስ ይሆናል። የሚፈጀው ግን ደቂቃዎች ነው።

ይህን መንገድ የከፈተው ሐኪም አልነበረም። እንደ እርስዎ መምህር ነበር። ማኑኤል ጋርሲያ የሚባል የስፔን ተወላጅ የዜማ አስተማሪ በ1854 የጥርስ ሐኪም መስታወት ጉሮሮው ውስጥ ከትቶ፣ በሌላ መስታወት የፀሐይ ብርሃን እያንጸባረቀ፣ የራሱን የድምፅ አውታሮች አየ። በቀጣዩ ዓመት ያየውን ለንደን ውስጥ ለሳይንስ ማኅበር አቀረበ። ሰውዬው 101 ዓመት ኖሯል።

ጋርሲያ ንዝረቱን በዝርዝር ሊያየው አይችልም ነበር፤ በሰከንድ 220 ጊዜ የሚሆን ነገር ለዓይን ጭጋግ ነው። መፍትሔው ስትሮቦስኮፒ ነው። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። አውታሮቹ 220 ጊዜ ሲነዝሩ መብራቱ 218.5 ጊዜ ብልጭ ካለ፣ እያንዳንዱ ብልጭታ ትንሽ ወደፊት የሄደ ቦታ ላይ ይይዛቸዋል። ስክሪኑ ላይ አውታሮቹ በሰከንድ አንድ ጊዜ ተኩል ብቻ ቀስ ብለው ሲከፈቱና ሲዘጉ ይታያሉ። መጀመሪያ ያየ ሰው አፉን ይከፍታል። መብራቱ ፍጥነቱን የሚያውቀው አንገት ላይ ወይም ካሜራው ላይ ካለ ማይክ ነው። ምስሉ የሚሠራው ድምፁ በትክክል ሲለካ ነው ማለት ነው። ድምፁ ዙር ከሌለው መብራቱም ግራ ይጋባል፤ ምስሉ ይዘባርቃል።

ለዚያ ጊዜ ፈጣን ካሜራ አለ። በሰከንድ 4,000 ምስል ያነሳል፤ ለእርስዎ ድምፅ በአንድ ዙር 18 ምስል ያህል ይደርሰዋል። የሁለት ሰከንድ ቅጂ 8,000 ምስል ነው። ሐኪም ተቀምጦ አያየውም፤ እዚህ ላይ ነው የኛ ሥራ። ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ምስል ላይ በሁለቱ አውታሮች መካከል ያለውን ጥቁር ክፍተት ጠርዙን ተከትሎ ይከብበዋል፤ ስፋቱን ይለካል። ከዚያ ክፍተቱ በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚሰፋና እንደሚጠብ አንድ ግራፍ ይወጣል። ግራው ከቀኙ ይዘገያል? ከፊት ይዘጋል ከኋላ ያፈሳል? ቀላል ይመስላል፤ ግን አክታ ያብለጨልጫል፣ ሰውዬው ይውጣል፣ ካሜራው ይንቀጠቀጣል። ብዙ ቀን ፕሮግራሙ ጥላን ክፍተት ነው ብሎ ሲከብብ ይዤዋለሁ። በእጅ ማረም አይቀርም።

እርስዎ የነገሩኝ ነገር፣ ማለትም መምህርነት፣ ብዙ ጩኸት፣ ጠዋት መሻል፣ ከሰዓት መዘጋት፣ ኖዱልን ያስጠረጥራል። ካሜራ ላይ ሲታይ ሁለቱ አውታሮች መሃላቸው ላይ ባሉት እብጠቶች ቀድመው ይገናኛሉ፣ ከፊትና ከኋላ ክፍት ይቀራሉ። ክፍተቱ ቁጥር 8ን ይመስላል። ሐኪሙ አንድ ጊዜ ካየው አይስተውም። ደስ የሚለው ነገር ኖዱል ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና አይጠይቅም፤ በድምፅ ልምምድና አጠቃቀምን በማስተካከል ይቀንሳል። ይህ ግን ጥርጣሬ ነው፣ እኔም እንደ አፑ በሩቁ ነው የምናገረው። ካሜራው አንዱ አውታር ፈጽሞ አለመንቀሳቀሱን ሊያሳይም ይችላል። ያን ጊዜ ጥያቄው ከጉሮሮ ይወጣል። የግራውን አውታር የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ደረት ውስጥ ወርዶ፣ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ሥር ዞሮ ነው የሚመለሰው። የእንቅርት ዕጢ አጠገብም ያልፋል። የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ወይም አንገትዎ ላይ እብጠት ካለ ለሐኪሙ መጀመሪያ ይህን ይንገሩት።

የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች በ2018 ባወጡት መመሪያ ድምፁ በ4 ሳምንት ውስጥ ካልተመለሰ ማንቁርቱ ይታይ ይላሉ። ቀድሞ 3 ወር ነበር የሚሉት፤ አሳጠሩት። እርስዎ በሁለቱም ቆጠራ ጊዜው ሞልቶብዎታል። ትንፋሽ የሚያጥር፣ ደም የሚያስል፣ ለመዋጥ የሚያም ከሆነ ወይም የሚያጨሱ ከሆነ ሳምንት መቁጠርም አያስፈልግም።

ስለ ዝንጅብልና ማሩ፦ ይጠጡት፣ ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ያጽናናል። ግን አውታሮቹን አይነካቸውም። የሚዋጥ ነገር በምግብ ቧንቧ ነው የሚያልፈው። አንዲት ጠብታ አውታሮቹ ላይ ብታርፍ ትን ይልዎታል። ትን ካላለዎት አልደረሰም።

አፑን ከስልክዎ ያጥፉት እያልኩ አይደለም። ራስዎን ከራስዎ ጋር ለማነጻጸር ጥሩ ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ ሐኪሙም የ3 ሳምንት ቅጂ ይዘው ቢመጡ ይወደዋል። ግን በደንብ ይቅዱ። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት አይደለም፤ እነሱ ኦፐስ በሚባል መጭመቂያ ፋይሉን ያሳንሱታል። ለወሬ በቂ ነው፣ ለሁለት ነጥብ ልዩነት ግን አይሆንም። ዋቭ የሚባለውን ፋይል የሚያስቀምጥ መቅጃ ይጠቀሙ። ሁልጊዜ ያው ስልክ፣ ያው ክፍል ይሁን። ፍሪጅ የሌለበት! ስልኩን ጠረጴዛ ላይ በአንድ ነገር አስደግፈው ያቁሙት። ከአፍዎ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ትንፋሽ እንዳይመታው ወደ ጎን ዘወር ይበል። በተለመደ ድምፅ «አ—» ለ5 ሰከንድ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ እማማን ወንዝ ያውርዷቸው። ጠዋት ከክፍል በፊት አንድ፣ ከሰዓት ከክፍል በኋላ አንድ። ወንድምዎ ኮምፒውተር ከወደደ ፕራት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ አምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ሰዎች የጻፉት ነው። የኔም የዕለት መሣሪያ እሱ ነው። የእያንዳንዱን ቅጂ መጀመሪያና መጨረሻ ቆርጦ መሃሉን 3 ሰከንድ ብቻ ይለካ።

የመጨረሻው ማጉያው ነው። ሰው በጫጫታ መሃል ሳይታወቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ይህን በ1911 የጻፈው ኤትየን ሎምባርድ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። «አልጮህም» ብሎ መወሰን ብዙም የማይሠራው ለዚህ ነው፤ ልጆቹ ሲንጫጩ ድምፅዎ ራሱ ይነሳል። በ2002 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ድምፃቸው የታመመ 44 መምህራንን ለሦስት ከፈለ። አንዱ ቡድን ወገብ ላይ የሚታሰር ማጉያ ተሰጠው፣ ሌላው ስለ ድምፅ አያያዝ ምክር ተሰጠው፣ ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ግልጽ መሻሻል ያሳየው ማጉያ የታጠቀው ነው። ሲገዙ በጭንቅላት የሚደረግ ማይክ ያለውን ይምረጡ። በእጅ የሚያዘው ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ይርቅና መልሰው ይጮኻሉ። ማይኩን ከከንፈርዎ ጥግ ሁለት ጣት አርቀው ያድርጉት። ካፏጨ ስፒከሩን ከወገብዎ ወደ ጀርባዎ ያዙሩት። ልጆቹ የመጀመሪያ ቀን ይስቁብዎታል፤ በሦስተኛው ቀን ይረሱታል።